መዳፍ የተናገረው የጕሮሮ ምስጢር

በገበያ ዳር ተቀምጦ መዳፍ እያነበበ ዕድል የሚናገር ሰው ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ አልጠፋም። ይህ መሥመር ዕድሜ ነው፤ ያኛው ትዳር ነው፤ ይኸኛው ሹመት ነው እያለ ሰሚውን ደስ አሰኝቶ ዋጋውን ይቀበላል። የተማረ ሰው በዚህ አያምንም፤ አለማመኑም ደግ ነው። ነገር ግን በዛሬው ዓምዳችን የምንተርከው በእውነት መዳፍ ስላነበቡ ሐኪሞች ነው። እነርሱ ያነበቡት መሥመሩን ሳይሆን ቆዳውን ነው። ከቆዳውም ላይ ያገኙት ቃል በደረት ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖረው ስለ ምግብ መውረጃ ቧንቧ የሚናገር ነበረ።

ነገሩ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለምንጽፍ አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እናሳስባለን።

በ1958 ዓ.ም. ሃውል-ኤቫንስ፥ ማክኮኔል፥ ክላርክና ሼፐርድ የተባሉ አራት ሰዎች በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የሁለት ቤተ ሰቦችን ታሪክ አወጡ። ከአራቱ መካከል ሲሪል ክላርክ ሐኪም ሲሆን፥ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ቢራቢሮ በማርባት ነበር። ፊሊፕ ሼፐርድ ደግሞ ሐኪም ሳይሆን የዘር ውርስን የሚመረምር የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ነው። ሁለቱን ያወዳጃቸው ቢራቢሮ ነው። በክንፏ ላይ ያለው ቀለምና ነጠብጣብ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ አብረው ይቈጥሩና ይመዘግቡ ነበር። ቢራቢሮ ማሳደድ የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህን የመሰለው ቈጠራ ወደ ሰው ሲዞር ምን እንዳስገኘ ቀጥሎ ይመልከት።

ሁለቱ ቤተ ሰቦች ታይሎሲስ የተባለ የቆዳ ሁኔታ ነበረባቸው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የቆዳ መጠንከርንና መወፈርን ያመለክታል። ልጁ ሲወለድ መዳፉም ውስጥ እግሩም እንደ ማንኛውም ሕፃን ለስላሳ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ወይም ወደ ጕርምስና ሲጠጋ፥ ግፊት የሚበዛበት የእግሩ ውስጥ ይወፍራል፤ ቢጫ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ይሰነጠቃል። መዳፉም ከዚሁ ዕድል አያመልጥም፤ ሆኖም ከእግር ይልቅ ይቀላል። በአፍ ውስጥም ነጣ ያሉ ምልክቶች ይታያሉ። ሰውየው በዚህ ምክንያት ጫማ ያስቸግረው ይሆናል እንጂ ሌላ ጕዳት ያለበት አይመስልም።

እዚህ ላይ አንባቢ መዳፉን ገልብጦ ማየት ሳይጀምር አንድ ነገር እናስታውቀው። ማረሻ የያዘ፥ ድንጋይ የፈለጠ፥ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ቆዳው ይጠነክራል። ይህ የሥራ ምስክር እንጂ በሽታ አይደለም። ሥራው ሲቀር ጥንካሬውም እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲሁም ከዘር የሚመጣ የመዳፍ መወፈር ብዙ ዓይነት አለው፤ አብዛኛው ከካንሰር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በተለይም ከተወለዱ ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ዓይነት፥ ዛሬ ከምንናገርለት የተለየ ነው። የምንናገርለት እጅግ ጥቂት በሆኑ ቤተ ሰቦች ብቻ የሚገኝ ነው።

የሊቨርፑል ሐኪሞች እያንዳንዱን አያት፥ አባት፥ እናት፥ አጎት፥ አክስትና የአጎት ልጅ በዝርዝር መዘገቡ። ታይሎሲስ ከነበረባቸው 48 ሰዎች ውስጥ 18ቱ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ተይዘው ተገኙ። ይህ ሲሰላ ከ8 ሰዎች 3ቱ ማለት ነው። ከዚያው ቤተ ሰብ ተወልደው መዳፋቸው ጤነኛ ከነበረው 87 ሰዎች ውስጥ ግን በዚሁ ካንሰር የተያዘው 1 ሰው ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ አገር የኖሩ፥ ከአንድ ገበታ የቀረቡ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ናቸው። እንግዲህ በሽታው የመጣው ከምግቡ ወይም ከውሃው ነው እንዳይባል የመዳፉ ልዩነት ከለከለ።

ከዚህም በላይ ከ48ቱ ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ካንሰሩ የሚመጣው ሰው ከጐለመሰ በኋላ ስለ ሆነ፥ የተቈጠረው 18 ሰው የወደፊቱን አይጨምርም። ሐኪሞቹ ዕድሜን እያሰቡ ሲያሰሉ፥ በእነዚህ ቤተ ሰቦች ታይሎሲስ ያለበት ሰው እስከ 65 ዓመቱ ድረስ በካንሰሩ የመያዝ ዕጣው ከመቶ 95 ያኽል መሆኑን ገመቱ። በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያኽል የከበደ የውርስ ዕጣ ማግኘት ብርቅ ነው።

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። በተረቱ እንስማማለን፤ ነገር ግን ዘር ሁሉንም እኩል አይስብም። ታይሎሲስ የሚተላለፈው በአንድ ጂን ነው። ማንኛውም ሰው ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከአባቱ፥ ሁለተኛውን ከእናቱ ያገኛል። ታይሎሲስ ያለበት አባት አንዱ ቅጂው የተበላሸ፥ ሌላው ደኅና ነው። ለልጁ የሚሰጠው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለ ሆነ፥ ልጅ በተወለደ ቍጥር ሳንቲም እንደ መጣል ያለ ነው። አንበሳው ወደ ላይ ከወጣ አንድ ነገር፥ ሰውየው ከወጣ ሌላ ነገር። በተማሪ ቤት ይህን ስናስተምር ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። አራት ልጆች ካሉ የግድ ሁለቱ ይታመማሉ ይላሉ። እንዲህ አይደለም። ሳንቲሙ ቀድሞ ምን እንደ ወጣ አያስታውስም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይጣላል። አራቱም ሊያመልጡ፥ አራቱም ሊያዙ ይችላሉ። ያመለጠው ልጅ ግን ፈጽሞ አምልጧል፤ ለልጆቹም የሚያወርሰው የለውም።

አሁን ወደ ቧንቧው እንግባ። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ከጕሮሮ በታች ተነሥቶ እስከ ጨጓራ የሚደርስ፥ 25 ሳንቲሜትር ያኽል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው። ውስጡ የተለበጠው ጠፍጣፋ ሴሎች እንደ እንጀራ በተደራረቡበት ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን የቆዳችን የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለቱም ቦታ አዲስ ሴል ከሥር ይወለዳል፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋል፤ በመጨረሻ አርጅቶ ይረግፋል። የሚወለደውና የሚረግፈው እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሰውየው ጤነኛ ነው። የሚወለደው በልጦ ሥርዓት ሲያጣና ወሰኑን አልፎ ወደ ሥር መግባት ሲጀምር ካንሰር ይባላል። በታይሎሲስ ቤተ ሰቦች የሚነሣው ካንሰር ከእነዚሁ ጠፍጣፋ ሴሎች የሚወለድ ሲሆን፥ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በቧንቧው መካከለኛና የታችኛው ክፍል ላይ ነው።

የዚህ ካንሰር ክፋቱ ዝምታው ነው። ቧንቧው ሲለጠጥ ቦታ ስለሚሰጥ፥ እብጠቱ እስኪያድግ ድረስ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከዚያ በኋላ ደረቅ እንጀራና ሥጋ መያያዝ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ገንፎ፥ በመጨረሻም ውሃ እንቢ ይላል። ሰውነትም ይከሳል። አንጀትን በውጭ በኩል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ለምግብ ቧንቧ የለውም፤ ስለዚህ ካንሰሩ ወደ ጐረቤት አካላት ለመሻገር የሚያግደው ጥቂት ነው።

ከ1958 ዓ.ም. በኋላ ሊቃውንት የዚህን ጂን አድራሻ መፈለግ ያዙ። ፍለጋው ረጅም ነበረ። በ1994 ዓ.ም. ጂኑ የሚገኘው በ17ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ መሆኑ ታወቀ። ይህ የሰውየውን አውራጃ እንደ ማወቅ ነው፤ መንደሩና የቤቱ ቍጥር ገና ነው። በዚያ አውራጃ ያሉትን ጂኖች አንድ በአንድ እያነሡ ቢመረምሩ፥ ደኅና ሆነው እየተገኙ ተመለሱ። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ያሰቡት የጠፋው ፍሬን ነው ብለው ነበር። ይኸውም ጤነኛው ጂን የሴልን መባዛት የሚያግድ ቢሆን፥ እርሱ ሲጠፋ ሴሉ ቍልቍለት ላይ እንደ ቆመ ፍሬን አልባ መኪና ይንደረደራል የሚል ነው። አሳቡ ምክንያት ያለው ነበረ፤ ነገር ግን በመጨረሻ የተገኘው ሌላ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ዴቪድ ኬልሰልና ዳያና ብሌይደን ከብዙ ባልደረቦቻቸው ጋር ከለንደን የተበላሸውን ጂን አስታወቁ። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን አይሮም 2 ይባላል። በእንግሊዙና በአሜሪካው ቤተ ሰብ የተገኘው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ በፕሮቲኑ ሰንሰለት 186ኛው ቦታ ላይ ያለው ቅንጣት በሌላ ተተክቷል። በአንድ የፊንላንድ ቤተ ሰብ ደግሞ ስሕተቱ ከዚያ ሦስት ቦታ ብቻ ርቆ በ189ኛው ላይ ተገኘ። ባሕር የለያቸው ቤተ ሰቦች በአንድ ሠፈር ላይ ተሳስተው መገኘታቸው፥ ነገሩ የአጋጣሚ እንዳልሆነ አስረዳ።

በሰው የዘር ጽሕፈት ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ያኽል ፊደል አለ። የእነዚህ ቤተ ሰቦች መከራ የመጣው አንድ ፊደል በመለወጡ ነው። ይህን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በቀላሉ ይረዳዋል። በአንድ ደብዳቤ ግርጌ አለቃው «ይከፈት» ብለው የጻፉትን ጸሐፊው «ይከፈል» ብሎ ቢገለብጠው የተለወጠው አንድ ፊደል ነው፤ ገንዘብ ያዡ ግን ሣጥኑን ይከፍታል።

አይሮም 2 ምን ይሠራል? የስሙ ታሪክ የሚጀምረው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። በዝንቧ ውስጥ ሮምቦይድ የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ሥራውም እንደ መቀስ ሌሎች ፕሮቲኖችን መቍረጥ ነው። አይሮም የዚህ መቀስ ዘመድ ሲሆን ስለቱ ግን የጠፋ ነው። ስለት የሌለው መቀስ ምን ይጠቅማል? በዚያው በ2012 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርምር መልሱን ሰጠ። አይሮም 2 ራሱ አይቈርጥም፤ አዳም 17 የተባለውን ስለታም መቀስ ከተሠራበት ከሴሉ ጓዳ አጅቦ ወደ ሴሉ ዳር ያደርሳል። አዳም የሚለው የአባታችን ስም ሳይሆን የረጅም ስም አሕጽሮት ነው፤ 17 የሚለውም ቍጥር ከ17ኛው ክሮሞሶም ጋር አይገናኝም፤ አጋጣሚ ነው።

አዳም 17 ከሴሉ ዳር ሲደርስ፥ በዚያ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው የሚገኙትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች እየቈረጠ ይለቃል። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ለጐረቤት ሴሎች የሚያደርሱት ትእዛዝ «ተባዙ፤ ቍስሉን ድፈኑ» የሚል ነው። ሰው ሲቈስል ይህ ትእዛዝ ሕይወት ያድናል። ቍስሉ ሲድን ግን ዝም ማለት አለበት። በታይሎሲስ ሰዎች አጃቢው ከልክ በላይ ይተጋል፤ መቀሱ በብዛት ይደርሳል፤ ትእዛዙም አይቋረጥም። ይህንም በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አረጋገጠ። ሴሎቹ ሳይቈስሉ እንደ ቈሰሉ ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው። እንግዲህ የጠፋው ፍሬን ሳይሆን፥ ቤንዚን መስጫው ላይ ተጭኖ የቀረ እግር ነበረ። መዳፍና ውስጥ እግር በክብደት፥ የምግብ ቧንቧም በየዕለቱ በሚያልፍበት ጕርሻ ስለሚፋተጉ፥ የጥገናው ትእዛዝ በእነዚህ ቦታዎች ጎልቶ መታየቱ አያስገርምም።

ቧንቧው ሌሎችም ብርቅ እብጠቶች አሉት። ከጡንቻው የሚነሣ ሊዮማዮማ የተባለ አለ፤ እርሱ ካንሰር አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን ይገኛል። ኩላሊትንና ጆሮን የሚጐዳው አልፖርት የተባለ የውርስ በሽታ ባለባቸው ጥቂት ቤተ ሰቦች ግን ይኸው እብጠት በቧንቧው ዙሪያ ሁሉ ተሠራጭቶ ይገኛል። በእነርሱ ዘንድ የጠፋው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ጂኖች የተቈረሰ ክፍል ነው። ጆሮና ጕሮሮ፥ ኩላሊትና መዳፍ በዘር ጽሕፈት ውስጥ ጐረቤቶች ሆነው መገኘታቸውን ከዚህ እንማራለን።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ዕውቀት ለታመመው ምን ጠቀመው?» ብሎ ቢጠይቅ የተገባ ጥያቄ ነው። ጥቅሙ ጊዜ ነው። ዕጣው ያለበት ሰው ከጐለመሰ ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ሐኪሙም መብራትና ካሜራ ያለበትን ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብቶ ቧንቧውን ያያል፤ ከሽፋኑም ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። አንዳንድ ጊዜም የአዮዲን ውሃ ይረጭበታል። አዮዲን ስታርችን እንደሚያጠቍር በኬሚስትሪ ክፍል ያየ ተማሪ ነገሩን ይገምታል። ጤነኛዎቹ ሴሎች የስታርች ዘመድ የሆነ ስንቅ ስላላቸው ቡናማ ይሆናሉ፤ ስንቃቸውን የጨረሱት የታመሙት ግን ሳይቀቡ ይቀራሉ። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ካንሰሩን ገና በመነሻው፥ ለማውጣት ቀላል በሆነበት ጊዜ ያገኘዋል። ትምባሆና አልኮልም ዕጣውን እንዳያከብዱ መተው አለባቸው። ዛሬ ከቤተ ሰቡ የተወለደ ወጣት የጂኑን ምርመራ አድርጎ ሳንቲሙ በየትኛው በኩል እንደ ወደቀ ማወቅ ይችላል። ያመለጠው በየዓመቱ ቱቦ ከመዋጥና ከሥጋት ያርፋል፤ የተያዘውም ጠላቱን ስለሚያውቅ ይቀድመዋል።

ሆኖም ማወቅ ሸክም አለው። የሃያ ዓመት ወጣት በሃምሳ ዓመቱ ሊመጣበት የሚችለውን ሲሰማ ሌሊቱን አይተኛ ይሆናል። እኅቱ አምልጣ እርሱ ሲቀር፥ ወይም እርሱ አምልጦ እኅቱ ስትቀር፥ በአንድ ቤት ውስጥ ደስታና ኀዘን ይገናኛሉ። ስለዚህ ምርመራው በግድ አይደረግም፤ ከምክር ጋር፥ በሰውየው ፈቃድ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ስለ እኛም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ለጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት በቤቱ በሽታ ያለበት ሰው ይደብቃል፤ አያቱ በምን እንደ ሞቱ የሚያውቀው እየቀነሰ ይሄዳል። ሴት ልጄ ሳትዳር እንዳትቀር ብላ እናት ዝም ትላለች። ዝምታውም ልጂቱን ከሐሜት ያድናት እንደ ሆነ እንጂ ከበሽታው አያድናትም። የሊቨርፑል ሐኪሞች ከበሽታው የደረሱት ቤተ ሰቦቹ የሙታናቸውን ታሪክ ስለ ነገሯቸው ነው። አንዲት አክስት ዝም ብትል አንድ መሥመር ይጐድል ነበር። በዘር የሚመጣ በሽታ እርግማን አይደለም፤ የቀድሞ ኀጢአት ደመወዝም አይደለም። ከአንድ ፊደል መለወጥ የመጣ ነው፤ ከእንዲህ ያለው የፊደል ለውጥ ደግሞ በእያንዳንዳችን ውስጥ አንዳንድ አይጠፋም። ዘሬ ንጹሕ ነው ብሎ የሚኰራ ሰው ቢኖር ጽሕፈቱን ገና ስላላነበበ ነው።

ይህን ስንል የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁሉ ከዘር የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። ታይሎሲስ እጅግ ብርቅ ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው ምድር ግን ከጠፍጣፋ ሴሎች የሚወለደው ካንሰር ብርቅ አይደለም፤ በአገራችንም በአርሲና በባሌ በኩል በብዛት እንደሚታይ ተጽፏል። ምክንያቶቹ በምርመራ ላይ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ እጅግ ትኩስ መጠጥ መጠጣት ለካንሰር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል መድቧል። የሻይ ሱሰኛ የሆነ ጸሐፊ ሁሉ ብርጭቆው ትንሽ እስኪበርድ ድረስ ቢታገሥ የሚጐድልበት ነገር የለም።

እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሁለት ነገር ይዞ ይሂድ። መጀመሪያ፥ በዕድሜ የገፉ ወላጅ ወይም ዘመድ «እንጀራው ደረቴ ላይ ይያዝብኛል» ሲሉ ከሰማ፥ ውሃ ይጠጡበት ብሎ አይለፈው፤ ነገሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቀጠለ ወደ ሆስፒታል ይውሰዳቸው። ሁለተኛ፥ አያቶቹ በሕይወት ሳሉ ከጐናቸው ተቀምጦ በቤተ ሰቡ ማን በምን ሕመም፥ በስንት ዓመቱ እንዳረፈ ይጠይቅ፤ የሰማውንም በደብተር ይጻፍ። የትውልድ ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥር ሕዝብ ነን። ከስሙ አጠገብ ሕመሙን መጻፍ የሚጠይቀው አንድ መሥመር ቀለም ብቻ ነው።